የኪራይ ቪትዝና የመንዳት ደስታ

ለጥምቀት ወይም ለሰርግ ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር መኪና ተከራይቶ የሚሄድ ሰው የደረሰችው ቪትዝ መሆኗን ሲያይ ቅር ይለዋል። ላንድክሩዘር ቢሆንለት በወደደ፤ እሱ ባይሆን እንኳ ትንሽ ጉልበት ያለው ነገር። "በዚች ላይ ደግሞ ምን መንዳት አለ?" ይላል። እኔ ግን መንዳት ለሚወድ ሰው በዚህ መንገድ ከቪትዝ የተሻለ የኪራይ መኪና የለም ባይ ነኝ። የመንዳት ደስታ የሚገኘው ከሞተሩ ጉልበት አይደለም፤ ሹፌሩ በአይኑ፣ በእጁና በእግሩ ከሚሠራው ሥራ ነው። ጉልበተኛ መኪና ይህን ሥራ ይሸፍነዋል፣ ደካማዋ ግን ፊት ለፊት ታወጣዋለች።

ቪትዝን ለማስተዋወቅ ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ በየመንገዳችን ሞልታለች። ቶዮታ በ1999 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለገበያ አቀረባት፤ አውሮፓ ያሪስ በሚል ስም ገብታ የ2000 የዓመቱ መኪና ተብላ ተመረጠች። የባለ 1 ሊትሯ ሞተር 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ ሲኖረው፣ ባዶ ክብደቷ አንድ ቶን አይሞላም። ይህ ጉልበት ግን ለባሕር ጠለል አየር የተሰላ ነው። የጎንደር ዙሪያ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ማክሰኝት 2 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ አየሩ ሳሳ ስለሚል ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ከ70ው የሚቀረው 56 ገደማ ነው። ደባርቅ ሲደረስ ሩብ ያህሉ ይሄዳል። አራት ሰውና ሻንጣ ጭኖ ዳገት ላይ ነዳጅ መርገጫውን እስከ ወለሉ ቢጫኑት ቪትዝ የምትጨምረው ድምፅ እንጂ ፍጥነት አይደለም።

መምህርነቷም ከዚሁ ይጀምራል። ባለ ትልቅ ሞተሩ ሹፌር ኩርባ ላይ ያለ አግባብ ፍሬን ቢይዝ ነዳጅ ረግጦ ስህተቱን ወዲያው ያርማል፤ ስህተት መሆኑንም ሳያውቅ ያልፋል። ቪትዝ ላይ የባከነ ፍጥነት ዳገቱ እስኪያልቅ አይመለስም። ስለዚህ ከአዲስ ዘመን በእንፍራዝ በኩል ወደ ማክሰኝት የሚነዳ ሰው አርቆ ማየት ግድ ይለዋል፦ ከፊቱ ያለው አይሱዙ የሚያዘግመው ጭኖ ነው ወይስ ባዶውን? ኩርባው ከዳገቱ በፊት ነው ወይስ ዳገቱ ላይ? ማርሹን አሁን ላውርድ ወይስ ሞተሩ ሲጨነቅ? ማርሽ ቀድሞ ያወረደ፣ ፍሬኑን መሪው ቀጥ እንዳለ ይዞ ከኩርባው በፊት የለቀቀ፣ ኩርባውን መሪውን በአንድ ልክ ይዞ የጨረሰ ሹፌር ተሳፋሪው አንገቱን እንኳ አያወዛውዝም። ይህ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚገኝ ጥበብ ነው፤ በትክክል የገባ ኩርባ የሚሰጠውን እርካታም የቀመሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ከሁሉ የማስቀድመው ግን ቁልቁለትን ነው፤ ብዙ ሹፌር ተሳስቶ የሚኖረው እዚያ ላይ ነውና። ከጎሃ ጽዮን እስከ አባይ የህዳሴ ድልድይ ያለው መውረጃ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ከደባርቅ በሊማሊሞ ወደ ዛሪማ የሚወስደውም እንዲሁ። ተሳፋሪዎቿን ጨምሮ 1 ሺህ 200 ኪሎ የምትመዝን ቪትዝ 1 ሺህ ሜትር ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት ከ30 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ያ ሁሉ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ሹፌሩ ማርሹን ዜሮ አድርጎ ፍሬን እየረገጠ ከወረደ፣ ከነፋሱ የተረፈው በሙሉ የሚያርፈው በፍሬን ሸራና በዲስኩ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚሸት ነገር ይመጣል፤ ቀጥሎ ፍሬኑ ቢረገጥም መኪናው እንደ ቀድሞው አይያዝም። የፍሬን ዘይቱ ያረጀ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ ዘይቱ በጊዜ ብዛት ከአየሩ እርጥበት ስለሚስብ በቀላሉ ይፈላል፣ አረፋውም ስለሚጨመቅ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። አደጋው ሲወራ ጥፋቱ የፍሬኑ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ፍሬኑን ለዚያ ያበቃው ከጫፉ ጀምሮ ሲሠራበት የነበረው አወራረድ ነው።

ዜሮ ማርሽ የሚወዱ ሰዎች ነዳጅ እንቆጥባለን ይላሉ። ካርቡሬተር ባላቸው በድሮዎቹ ዲኤክስና ላዳ ዘመን ነገሩ ጥቂት እውነት ነበረው። ቪትዝ ግን ነዳጇ በኮምፒውተር የሚመራ ኢንጀክሽን ናት፤ በማርሽ ስትወርድና እግር ከነዳጅ መርገጫው ሲነሳ ነዳጁን ጨርሶ ትዘጋለች፣ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። በዜሮ ስትወርድ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠሏን ትቀጥላለች። እናም በዜሮ የሚወርደው ሰው ነዳጁንም ፍሬኑንም ያባክናል። ትክክለኛው መንገድ ቀላል ነው፦ መውረጃው ሳይጀምር ማርሹን ወደ ሦስት፣ ሲከፋ ወደ ሁለት ማውረድ፤ አውቶማቲክ ከሆነች ከ"ዲ" ወደ "2" ወይም "ኤል" መሳብ። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ይላል፤ አያስደንግጥ፣ መኪናዋን እየያዘ ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ፍሬኑን ጠንከር አድርጎ ለአጭር ጊዜ መያዝና መልቀቅ፤ በለቀቁት ቁጥር ነፋሱ ያበርደዋል። እንዲህ የወረደ ሰው ድልድዩ ዘንድ ሲደርስ ቀዝቃዛ ፍሬንና ያልዛለ እግር ይኖረዋል።

"የሰው ንብረት ይዞ ደስታ መፈለግ ነውር አይደለም?" የሚል ይኖራል። ነውሩ "የኪራይ ነው" ብሎ መኪናውን ማንገላታት ላይ ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ኸርትዝ አንድ ሺህ ያህል ሼልቢ ማስታንግ ለኪራይ ባቀረበ ጊዜ፣ ተከራዮች ቅዳሜና እሁድ ለውድድር ወስደው ይመልሷቸው እንደነበር እስከ ዛሬ ይወራል። የእኛም ተከራይ ያልሞቀ ሞተር ያስጮኻል፣ ጉድጓድ ሳይቀንስ ይገባል፣ ቀን ሙሉ እግሩን ፍሪሲዮን ላይ ያሳርፋል። የመኪናው ባለቤት ብዙ ጊዜ በዚያች መኪና የሚተዳደር ግለሰብ መሆኑን ቢያስብ ያፍር ነበር። እኔ የምለው ደስታ ግን ጎማ፣ ሸራና ነዳጅ የሚቆጥብ ነው፤ ባለቤቱም ቢያየው አይከፋውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፦ በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠር ሰው በመኪና አደጋ በሚሞትበት አገር ስለ መንዳት ደስታ ማውራት ወጣቱን ማበረታታት አይሆንም ወይ? ደስታው ፍጥነት ቢሆን ይሆን ነበር። ከማክሰኝት ጎንደር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ አስፋልቱ የመኪና ብቻ አይደለም፣ የተማሪውም፣ የአህያውም፣ የገበያተኛውም ነው። በ80 የሚሄድ መኪና ለማቆም የሚጠይቀው ጉልበት በ60 ከሚሄደው በ78 በመቶ ይበልጣል፤ ልጅ መንገድ ሲያቋርጥ ይህን ልዩነት የሚያካክስ ችሎታ የለም። አርቆ ማየትን፣ ቀድሞ መቀነስን፣ ቁልቁለትን በማርሽ መያዝን እንደ ደስታ የሚቆጥር ወጣት ግን ለእግረኛው የሚያሰጋ አይደለም። ፍጥነትን የሚያሳድደው መንዳት አሰልቺ ሆኖበት ነው፤ መንዳትን እንደ ሙያ ያጣጣመ በ50ም አይሰለችም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ቪትዝ ሲደርስህ አታጉረምርም። ከአከራዩ ጋር ሆነህ የፍሬን ዘይቱንና የሸራውን ሁኔታ፣ የጎማውን ጥርስና ነፋስ አይተህ ተረከብ፤ ሞተሩን ቀስ ብለህ አሙቅ፤ ከመውረጃው አፍ ላይ ማርሽህን አውርድ። መኪናዋንም ስትመልስ እንደተረከብካት መልሳት።