«ዲስኩር»፦ የቃሉ ፍችና አመጣጥ

በጉባኤ ፊት ተዘጋጅቶ የሚቀርብ ቃል በአማርኛ «ንግግር» ወይም «ዲስኩር» ይባላል። ሁለቱ በፍች ቢቀራረቡም በአገልግሎት ተራርቀዋል። ስለ አንድ ሹም «ንግግር አደረጉ» ሲባል ዘገባ ነው፤ «ሲደሰኩሩ ዋሉ» ሲባል ግን ፍርድ ነው። ቃሉ ሲገባ ይህን ጥላ ይዞ አልገባም።

ዲስኩር በመልኩ የአገር ልጅ ይመስላል። ደሰኮረ፣ ይደሰኩራል፣ ደስኳሪ እያለ ይረባል፤ እርባታውም ተረጎመ፣ ይተረጉማል፣ ተርጓሚ ከሚለው ጋር አንድ ነው። ሆኖም ስሙ ላይ ሲደረስ ልዩነቱ ይገለጣል። ከተረጎመ የሚወጣው ስም «ትርጉም» ነው፤ መነሻው ሳድስ ነው። በዚያው ሥርዓት ከደሰኮረ መውጣት የነበረበት «ድስኩር» ነበር። የሚነገረውና የሚጻፈው ግን በሣልስ የሚጀምረው «ዲስኩር» ነው። ይህች አንዲት አናባቢ ስሙ ከግሡ እንዳልተወለደ፣ ይልቁንም ስሙ ከውጭ ቀድሞ ገብቶ ግሡ ከእርሱ እንደ ተሠራ ታመለክታለች። በ«ኩ» ውስጥ ያለው ድምፅም በግሡ «ኮ»፣ በደስኳሪ ደግሞ «ኳ» እየሆነ ከባህለ እርባታው ጋር ተዋሕዷል።

ምንጩ የላቲኑ ዲስኩርሱስ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ጥያቄው በየትኛው ቋንቋ በር ገባ የሚለው ነው። ለዚህ ኮምቦልቻ ጥሩ ማነጻጸሪያ ትሰጣለች። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ በሚወስደው ጎዳና ላይ የምትገኝ በመሆኗ በጋራዦቿ ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ካምቢዮ የሚሉት የጣሊያንኛ ቃላት ዛሬም የዕለት መግባቢያ ናቸው። ሁሉም የመጨረሻ አናባቢያቸውን እንደ ያዙ ገብተዋል። ዲስኩርም በዚህ በር ቢገባ ኖሮ «ዲስኮርሶ» በሆነ ነበር። ከእንግሊዝኛ የመጣ ቢሆን ደግሞ መጨረሻው «ስ» ይሆን ነበር። በፈረንሳይኛ ግን የመጨረሻዋ «ስ» ትጻፋለች እንጂ አትነበብም፤ ቃሉም «ዲስኩር» ተብሎ ይሰማል፤ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስለት። ይህም ከዘመኑ ጋር ይስማማል። በአፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ፍጻሜ ገደማ የተከፈተው ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትና በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ለፈረንሳይኛ ሰፊ ቦታ ሰጥተው ነበር። ቢሮ፣ ለገሃርና ኤታ ማዦር የዚሁ ቋንቋ ውርሶች ናቸው።

ታዲያ ለምን ተዋረደ? እንግድነቱ ብቻ አላዋረደውም፤ ቢሮም እንግዳ ነው። ኹጥባም ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን በወሎ እንደ ተከበረ ኖሯል። ኹጥባ ግን ቀን አለው፣ ሥርዓት አለው፤ ከዓርብ ሶላት በፊት ይደመጣል። ስብከትም እንዲሁ ቦታና ወግ አለው። በወሎ ሽማግሌ ተነሥቶ ዱዓ ሲያደርግ ታዳሚው «አሚን» ይላል፤ ቃሉ መልስ ያገኛል። ዲስኩር እንዲህ ያለ መልስ የለውም። ልዩነቱን ቋንቋው ራሱ መዝግቦታል ማለት ይቻላል፦ «ተነጋገሩ» ይባላል፤ «ተደሰካኮሩ» ግን አይባልም። ንግግር ሁለት ወገን ሲኖረው ዲስኩር አንድ ወገን ብቻ አለው፤ ደስኳሪው አድማጩን ሳይሰማ ይወርዳል። በየአዳራሹ ረጅም ሰዓት የተቀመጠ አድማጭ ለቃሉ የሰጠው ፍች ከዚህ የተነሣ ነው። (የላቲኑ ሥርወ ቃል «ወዲያና ወዲህ መሮጥ» ማለት ነው፤ አማርኛ ተናጋሪው ይህን ሳያውቅ ወደዚያው መጠጋቱ ያስገርማል።)

ለተመራቂ ተማሪዎች ጉዳዩ ከታሪክነት ያለፈ ነው። ያው የላቲን ቃል በቅርቡ በእንግሊዝኛ በኩል ዳግመኛ ገብቶ በጥናታዊ ጽሑፎች ላይ «ዲስኮርስ» ተብሏል፤ የሚያመለክተውም በሰዎች መካከል የሚካሄደውን የቋንቋ አጠቃቀም ሁሉ ነው። ይህን ጽንሰ ሐሳብ «ዲስኩር» ብሎ መተርጎም በሥርወ ቃል ረገድ ስሕተት የለበትም። ይሁን እንጂ በአንድ የገበያ ጭውውት ወይም በአንድ የሽምግልና ሸንጎ ላይ የተሠራ ጥናት «የዲስኩር ትንተና» ሲባል፣ አንባቢው የሚጠብቀው የአንድ ሹም ረጅም ቃል እንጂ የሁለት ሰዎች መነጋገር አይደለም። ጥናቱ ገና በርእሱ የባለጉዳዮቹን ቃል ያቃልላል። ስለዚህ አጥኚው ከሁለቱ አንዱን ከመምረጡ በፊት ቃሉን በመጀመሪያ ገጽ ሊበይን ይገባዋል።