ቃል አልባ ዘፈን እንዴት ይሰማል?

ሶፊያ የርንበርግን መድረክ ላይ መጀመሪያ ሲሰሟት ግር ቢልዎ አይገርምም። አንድም ቃል ሳትናገር ለደቂቃዎች ልትዘፍን ትችላለች። ድምጿ አንዴ እንደ ወፍ ይቀጥናል፣ አንዴ ይሻክራል፣ አንዴ ትንፋሽ ብቻ ይሆናል።

ማን ናት? እ.ኤ.አ. በ1983 ኢትዮጵያ ውስጥ ተወለደች። ያደገችው በኢትዮጵያ፣ በቬትናምና በስዊድን ነው። ጃዝንም የሙዚቃ ድርሰትንም ስዊድን ውስጥ ተምራለች፤ ነጻ ጃዝም ዘመናዊ የኮንሰርት ሙዚቃም ትዘፍናለች።

ሁለቱ በምን ይለያሉ? በነጻ ጃዝ ዘፋኟ ዜማውን እዚያው መድረክ ላይ ትፈጥረዋለች። ሌሎቹ ሙዚቀኞች የተጫወቱትን ሰምታ ትመልሳለች። ብዙ ሙዚቀኞችን ባሰባሰበው «ፋየር! ኦርኬስትራ» ውስጥ ድምጿ ከሳክስፎኑ ጎን እንደ አንድ መሣሪያ ሆኖ አገልግሏል። በዘመናዊ የኮንሰርት ሙዚቃ ግን ደራሲው በኖታ፣ ማለትም በሙዚቃ ጽሕፈት፣ ያሰፈረውን ትከተላለች። ከሠራቻቸው አንዱ አርኖልድ ሾንበርግ እ.ኤ.አ. በ1912 የደረሰው «ፒዬሮ ሉኔር» ነው። ግጥሙ በንግግርና በዘፈን መካከል ሆኖ ይቀርባል።

ድምፁስ እንዴት ይወጣል? ጉሮሯችን ውስጥ የድምፅ አውታር የሚባሉ ሁለት ትንንሽ እጥፋቶች አሉ። ከሳንባ የሚወጣው አየር ያርገበግባቸዋል። እኩል ሲርገበገቡ ጥርት ያለ ድምፅ እንሰማለን። ዘፋኟ ሆን ብላ እኩልነቱን ስታዛባው ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ሁለት ድምፅ ባንድ ጊዜ የወጣ ይመስላል። አውታሮቹን ከፍታ አየሩን ብቻ ስትለቅ ሹክሹክታ ይሆናል። ያን ጊዜ ምላስ፣ ጥርስና ከንፈር ይቀርጹታል።

እንዲህ ያለ ድምፅ ለእኛ እንግዳ ነው? እልልታን ያስቡ። ቃል የለውም፤ ደስታ መሆኑን ግን ሁሉም ያውቃል። ሙሾ የምታወርድ ሴት ድምጿ ሲሻክርና ሲሰበር ማንም «ተሳሳተች» አይላትም። ሐዘኑ ያለው ስብራቱ ላይ ነው።

ዋጋውስ? የሚከፈለው በጉሮሮ ነው። ለቅሶ ቤት ሲያለቅስ የዋለ ሰው ማታ ድምፁ ይዘጋል። ያለ ስልት ድምፅን ማሻከር አውታሮቹን ያሳብጣል፤ ሲደጋገም ትንንሽ እባጭ ሊያወጣባቸው ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዘፋኝ ለዓመታት ትንፋሽ መቆጣጠርን ይለማመዳል። ውሃ ይጠጣል፤ ድምፁን ያሳርፋል። የማሲንቆ ጭራ ቢበጠስ ይቀየራል፤ ጉሮሮ ግን መለዋወጫ የለውም።

ከየት ልጀምር ካሉ፣ ከእንግሊዛዊው ፒያኒስት አሌክሳንደር ሃውኪንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣችውን አልበም ይስሙ። ስሙ «ሙሾ» ነው። «ሙዚቃዊ ስልት»ን የመሰሉ የኢትዮጵያ ሥራዎች ከስዊድንና ከአርመን ዜማዎች ጋር ተሰባስበውበታል። አንዱን ይምረጡና ትንፋሿን ይከተሉ፤ የት እንደሳበችው፣ የት እንደያዘችው፣ የት እንደለቀቀችው። ከዚያ ቃል ወደሌለው ሥራዋ ሲሻገሩ ጆሮዎ መንገዱን ያውቀዋል።