በአየር የሚሞላው ሰዓት

ጀርመን አገር ዘመድ ቤት ያደረ እንግዳ በፈረንጆቹ ማርች ወር የመጨረሻ እሑድ ጠዋት ሲነቃ፣ የግድግዳው ሰዓት ማንም ሳይነካው አንድ ሰዓት ወደፊት ተሻግሮ ያገኘዋል። ትእዛዙ የደረሰው በራዲዮ ሞገድ ነው።

ፍራንክፈርት አቅራቢያ በምትገኘው ማይንፍሊንገን ዲሲኤፍ77 የሚባል ጣቢያ አለ። ሥራው ዘፈን ወይም ዜና ማሰማት ሳይሆን ሌት ተቀን ሰዓት መናገር ነው። አነጋገሩም በጣም ያስደንቀኛል። በ77.5 ኪሎ ኸርዝ የሚለቀው ሞገድ በየሰከንዱ መግቢያ ላይ ለቅጽበት ይዳከማል። ድክመቱ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ከቆየ ዜሮ፣ ሁለት አሥረኛ ከቆየ አንድ ማለት ነው። ከእነዚህ አጭርና ረጅም ምልክቶች ደቂቃው፣ ሰዓቱ፣ ቀኑ፣ ወሩና ዓመቱ ይነበባል። በደቂቃው ማብቂያ ላይ አንዱ ምልክት ሆን ተብሎ ይዘለላል፤ ሰዓቱም አዲስ ደቂቃ መድረሱን የሚያውቀው በዚያ ዝምታ ነው።

ጣቢያው ራሱ ሰከንዱን የሚቀበለው ከአቶሚክ ሰዓት ነው። ተራው የግድግዳ ሰዓት በሰከንድ 32,768 ጊዜ የምትርገበገብ የኳርትዝ ቅንጣት አለችው። ሙቀትና እርጅና ግን ያዛቧታል። በአቶሚክ ሰዓት ውስጥ የኳርትዙን ቦታ የሚይዘው የሲዚየም አቶም አያረጅም፤ አንዱም ከሌላው አይለይም። በማይክሮዌቭ ሲመታ ጠባዩን የሚለውጠው ሞገዱ ልክ በሆነው ፍጥነት ሲርገበገብ ብቻ ነው። መሣሪያው የተለወጡትን አቶሞች ብዛት እያየ ሞገዱን ያርማል፤ ከዚያ ይቆጥራል። 9,192,631,770 ርግብግቢት ሲሞላ አንድ ሰከንድ ሆነ ማለት ነው። ሉዊስ ኤሰንና ጃክ ፓሪ የመጀመሪያውን አስተማማኝ የሲዚየም ሰዓት እንግሊዝ ውስጥ የሠሩት በ1955 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ በ1967 ሰከንድ በዚሁ ቁጥር ተተረጎመ።

እንግዲህ ሱቅ ውስጥ «አቶሚክ ሰዓት» ተብሎ የሚሸጠው ስሙ አይገባውም። በሆዱ ያለው ኳርትዝና ትንሽ የራዲዮ መቀበያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ሞገዱ ሲጠራ ያዳምጣል፣ ስህተቱን ያርማል፣ እስከሚቀጥለው ሌሊት ደግሞ በራሱ ኳርትዝ ይሄዳል።

የማይንፍሊንገን ድምፅ የሚደርሰው እስከ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከዚያ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከአውሮፓ ለቤተሰብ ሰዓት ልትልኩ ያሰባችሁ፣ በእጅ የሚሞላ መሆኑን አይታችሁ ግዙ፤ አገር ቤት ሲደርስ የሚያርመው ጣቢያ የለም።