ገዢው ያልወደዳት ባዝራ

ፈረስ መግዛት ዓይን ይጠይቃል፤ ዓይን ግን አንዳንድ ጊዜ ይሳሳታል። ኤርነስት ብላስኮቪች የተባለው የሁንጋሪያ ባላባት አንድ ዓመት የሞላቸውን ውርንጭሎች ለሽያጭ ባቀረበ ጊዜ፣ ገዢው አንድ በአንድ ካየ በኋላ ሁሉንም ገዛ፤ ሁለቱን ብቻ መልካቸው አላስደሰተውምና ትቷቸው ሄደ ይባላል። ከተተዉት አንዲቱ እግረ ረዥም ዳማ ባዝራ ነበረች። ስሟ ኪንቼም ነው፤ በአገሯ ቋንቋ «ሀብቴ» ማለት ነው።

ኪንቼም የተወለደችው ማርች 17 ቀን 1874 ነው (እዚህ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። እንግሊዛዊው አሠልጣኝ ሮበርት ሄስፕ ካሠለጠናት በኋላ በ1876 በበርሊን አጠገብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሮጣ አሸነፈች። በዚያ ዓመት 10 ጊዜ፣ በተከታዩ 17 ጊዜ፣ በሦስተኛው 15 ጊዜ፣ በመጨረሻውም በ1879 12 ጊዜ ተወዳደረች። ቢደመር 54 ይሆናል። ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ ሁሉ ስንቱን ተሸነፈች ብትሉ አንዱንም አልተሸነፈችም! በዘመናችን ዓለምን ያስደነቀችው የአውስትራሊያዋ ብላክ ካቪያር እንኳ በ2013 ከእሽቅድድም ስትሰናበት ያለ ሽንፈት የሮጠችው 25 ጊዜ ነው።

ይህ ድል በአንድ ሜዳ የተገኘ አይደለም። ኪንቼም በባቡር ከአገር ወደ አገር እየተጓዘች አጭሩንም ረዥሙንም ሩጫ ሮጣለች። በ1878 ባሕር ተሻግራ በእንግሊዝ አገር የጉድውድን ዋንጫ ወሰደች፤ በፈረንሳይ የዶቪልን ታላቅ ሽልማት ጨመረች፤ ከዚያም ወደ ጀርመን፣ ወደ ባደን ባደን አለፈች። ለመሸነፍ እጅግ የተቃረበችው እዚያ ነው። ፕሪንስ ጂልስ ከሚባለው ፈረስ ጋር እኩል ደረሱ፤ ዳኞቹም ሊለዩአቸው አልቻሉም። ስለዚህ ሁለቱ እንደገና ተወዳደሩ፤ በዚህ ጊዜ ግን ኪንቼም ርቃ ቀደመች።

የጠባይዋ ነገርም ብዙ ተወርቶለታል። በሄደችበት ሁሉ ፈረስ ጠባቂዋ ፍራንኪና አንዲት ድመት አይለዩአትም ነበር። አንድ ጊዜ ድመቲቱ ብትጠፋ፣ እስክትገኝ ድረስ ባቡር ላይ አልወጣም ብላ ቆመች ይባላል። በአንድ ብርዳማ ሌሊትም ፍራንኪ ያለ ልብስ አጠገቧ ተኝቶ ብታየው፣ የለበሰችውን ብርድ ልብስ በጥርሷ ስባ ጣለችለት፤ ከዚያ ወዲህ እሱ ሳይለብስ እሷ መልበስ እንቢ አለች ብለው ይተርካሉ።

ከእሽቅድድም ካረፈች በኋላ አምስት ውርንጭሎች ወለደች፤ ከእነርሱም ቡዳጅዮንጄ የተባለችው በ1885 የጀርመንን ደርቢ አሸነፈች። ኪንቼም በ1887 ልክ 13 ዓመት በሞላት ቀን በሆድ ቁርጠት ሞተች። አጽሟ በቡዳፔስት የእርሻ ሙዚየም ይገኛል፤ የከተማው የፈረስ እሽቅድድም ሜዳም በስሟ ይጠራል።

በአገራችን ጀግና በፈረሱ ስም መጠራቱ የታወቀ ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለዋል። ፍራንኪ ግን ንጉሥም ጌታም አልነበረም፤ ድርቆሽ አቅራቢ፣ ጋጣ ጠራጊ ነበረ። ይሁን እንጂ የባዝራዪቱን ስም የአባቱ ስም ያህል አድርጎ ያዘ። ሚስትም ሳያገባ ኖሮ ሲሞት፣ በመቃብሩ ላይ የተጻፈው ስም «ፍራንኪ ኪንቼም» ነው ይባላል።