ለማን ስንት ደረሰ?

በኢኮኖሚክስም ሆነ በሳይንስ መጻሕፍት «ዲስትሪቢውሽን» የሚለው ቃል ደጋግሞ ያጋጥመናል። ወደ አማርኛ ስንመልሰው ግን አንድ ቃል አይበቃውም። ለዝናብና ለፈተና ነጥብ ሲሆን «ስርጭት» እንላለን፤ ለሀብትና ለገቢ ሲሆን «ክፍፍል»፤ ለስንዴና ለዘይት ሲሆን ደግሞ «እደላ»። ሦስቱንም የሚያገናኛቸው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ከጠቅላላው ለማን፣ የት፣ ስንት ደረሰ የሚለው ነው።

እስቲ ከራሳችን ሙያ እንነሣ። በአንድ ክፍል አምስት ተማሪዎች ሁሉም 50 ቢያገኙ አማካዩ 50 ነው። በሌላው ክፍል አምስቱ 90፣ 85፣ 60፣ 10 እና 5 ቢያገኙም አማካዩ ያው 50 ነው። ታዲያ ሁለቱ ክፍሎች አንድ ናቸው? በፍጹም! በሁለተኛው ክፍል ሁለት ልጆች ወድቀው ቀርተዋል፤ አማካዩ ሸፍኗቸዋል። ዝናብም እንዲሁ ነው። የዓመቱ ድምር በቂ ቢሆንም ሁሉም በጥቂት ሳምንት ወርዶ ካበቃ አዝመራው ይደርቃል።

የገቢን ክፍፍል በቁጥር ለመለካት ኢጣሊያዊው ኮራዶ ጂኒ እ.ኤ.አ. በ1912 አንድ መለኪያ አወጣ። የሁሉም ገቢ እኩል ከሆነ ውጤቱ 0 ነው፤ ሁሉን አንድ ሰው ጠቅልሎ ከወሰደው ወደ 1 ይጠጋል።

ነገሩ ግን የቁጥር ጨዋታ ብቻ እንዳይመስለን። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ ብዙ ሕዝብ አልቋል። ሕንዳዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ረሃብ መርምሯል። እንደ እርሱ አባባል፣ የአገሪቱ ጠቅላላ የእህል ምርት ያን ጊዜ ከወትሮው ብዙም አልቀነሰም፤ በደሴ ገበያም ዋጋው ያን ያህል አልናረም። የወሎ ገበሬ ግን አዝመራው ጠፋ፣ ከብቱ አለቀ፣ መግዣም አጣ። ገዢ በሌለበት ደግሞ ነጋዴ እህል አያመጣም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የወጣ እህል ነበር። «በአገሩ እህል አለ» የሚለው ድምር የተራበውን ሰው አላሳየም ማለት ነው።

ስለዚህ የአንድ ፖሊሲ የክፍፍል ውጤት ሲባል ማን ተጠቀመ፣ ማንስ ተጎዳ ማለት ነው። የእህል ዋጋ ሲወደድ ተርፎት ለሚሸጥ ሲሳይ ነው፤ ገዝቶ ለሚበላ መከራ ነው።

እኛም ነገ መምህራን ስንሆን የክፍሉን አማካይ ጽፈን መዝገቡን አንዝጋ። ነጥቦቹን ከላይ እስከ ታች እንደርድራቸው። 5 ያገኘው ልጅ የሚታየን ያን ጊዜ ነው።