ለጸሎትና ለሰውነት ጤና ጊዜ ስለ ማግኘት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ወረታ፥ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። በዙሪያዋ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለ፥ ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች የሚያጠጡት፥ በክረምትም አልፎ አልፎ የሚያጥለቀልቁት ለጥ ያለ አገር ነው። በቅዱስ ሚካኤል ስም የሚጠራው ቁሐር ሚካኤልም ከዚህ ሜዳ የሩዝ ቀበሌዎች አንዱ ነው። «ለጸሎት ጊዜ አጣሁ» የሚለውን የወላጆች ቃል በሚገባ ለመመርመር የፈለገ ሰው ከዚህ የበለጠ ሥፍራ አያገኝም፤ ምክንያቱም በዚህ አገር የሩዝ ወራትና የቤተ ክርስቲያን የጾም ወራት ፊት ለፊት ይገናኛሉ።

ሩዝ በፎገራ ሜዳ መዘራት የጀመረው በ1970ዎቹ ዓመታት ሲሆን፥ በዚያን ጊዜ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ለገበሬዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዘሩን አስተዋውቀዋል። ከዚያ በፊት ውሃ የሚተኛበት መሬት ይልቁንም የታወቁት የፎገራ ከብቶች መሰማሪያ ነበር። ዛሬ ሩዝ ከጤፍ ጋራ ተቀላቅሎ እንጀራ ይጋገርበታል፤ ተሽጦም የልጆች ደብተርና ልብስ ይገዛበታል። ስለዚህ ሩዙን መንቀፍ አይገባም። ነገር ግን ብዙ እጅ የሚፈልግ አዝመራ ነው። የሚዘራው በሰኔ፥ የቅዱስ ሚካኤል በዓል በሚከበርበት በሰኔ 12 አካባቢ ነው፤ አረሙ በሐምሌና በነሐሴ ይበረታል፤ አጨዳው በኅዳርና በታኅሣሥ ይሆናል። እንግዲህ ጾመ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን፥ ጾመ ነቢያትም ኅዳር 15 ቀን እንደሚገባ ለአንባብያን መንገር አያስፈልግም። የዓመቱ ሁለት ታላላቅ የሥራ ወራት ከሁለት አጽዋማት ጋራ የገጠሙ መሆናቸውን ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

በነሐሴ አንዲት የልጆች እናት ቀኗን እንዴት እንደምታሳልፈው እንመልከት። ዶሮ ሳይጮህ ተነሥታ እሳት ታነዳለች፤ ውሃ ትቀዳለች፤ ሊጡን ታያለች፤ ከብቶቹ ሲወጡ በረቱን ትጠርጋለች። ከዚያም እግሯን ጭቃ ውስጥ ነክራ፥ ወገቧን አጥፋ፥ አረሙን በእጇ ስትነቅል ትውላለች፤ ሩዝ በአረም ከተዋጠ ምርቱ ስለሚጠፋ አንድ ጊዜ ታርሞ የሚተው አይደለም፥ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይደገማል። ፍልሰታ ደግሞ ሕፃናት የሚወዱት ጾም ስለ ሆነ፥ ከቀትር በኋላ ቅዳሴው ሲደርስ እጅዋንና እግሯን ታጥባ፥ ነጠላዋን ለብሳ፥ ልጆቿን ለማቍረብ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትገሠግሣለች። ከቅዳሴ መልስ እንደ ገና ምጣዱ ይጠብቃታል። ማታ ውዳሴ ማርያም ልትሰማ ተቀምጣ ሁለተኛውን አንቀጽ ሳታደርስ ብታንቀላፋ፥ ሰነፈች ብሎ የሚፈርድባት ሰው አስቀድሞ ከእርስዋ ጋራ አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ ያርም።

ለእንዲህ ያለችው እናት «ስፖርት ሥሪ» ብሎ መምከር ቀልድ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፥ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። የቁሐር ሚካኤል እናት ይህን ያህል ሰኞና ማክሰኞ ሳያልፉ ትጨርሰዋለች። እርስዋ የጎደላት እንቅስቃሴ ሳይሆን ዕረፍት ነው፤ ይልቁንም ከጎበጠችበት ቀና የምትልበት ጊዜ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ የሠራችው ሥርዓት የሚጠቅም ነገር አለው። ነቢዩ ዳዊት በቀን ሰባት ጊዜ እንደሚያመሰግን በመዝሙሩ ተናግሯልና፥ የጸሎት ጊዜያት ሰባት ናቸው፤ ይኸውም ነግህ፥ ሦስት ሰዓት፥ ቀትር፥ ዘጠኝ ሰዓት፥ ሠርክ፥ የመኝታ ጊዜና መንፈቀ ሌሊት ነው። ሦስት ሰዓት መንፈስ ቅዱስ ለሐዋርያት የወረደበት፥ ቀትር ጌታ የተሰቀለበት፥ ዘጠኝ ሰዓት ነፍሱን በፈቃዱ የሰጠበት፥ ሠርክም ወደ መቃብር የወረደበት መታሰቢያ ነው። ከእነዚህ መካከል ሦስቱ፥ ማለት ሦስት ሰዓት፥ ቀትርና ዘጠኝ ሰዓት፥ ሠራተኛውን የሚያገኙት በእርሻው ላይ ነው። በእነዚህ ሰዓታት አራሚዎቹ ሁሉ ቀና ቢሉ፥ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ መልሰው ቢያማትቡ፥ አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ጥቂት ጊዜ ቆመው ቢቈዩ፥ ከሥራው የሚጎድል ነገር እምብዛም የለም። ለወገብ ግን ትልቅ ዕረፍት ነው። ጎንበስ ብሎ የሚውል ሰው በየጊዜው ቀና ማለት እንደሚገባው ሐኪሞችም ይመክራሉ፤ እዚህ ላይ የነፍሱና የሥጋው መድኃኒት በአንድ ሰዓት ተገናኝተዋል።

የቀረው ነገር የባልን ጉዳይ የሚመለከት ነው፤ ይህንም ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። በገጠራችን በወሩ 12 ሚካኤል፥ በ21 ማርያም፥ በ27 መድኃኔ ዓለም፥ በሰንበትም ሞፈርና ቀንበር ይቀመጣል። አባወራው ቤተ ክርስቲያን ስሞ፥ ጠበል ጠዲቁን ቀምሶ፥ ከጎረቤቱ ጋራ ሲጨዋወት ይውላል፤ ይህም መልካም ነው። በዚያው ቀን ግን ጠበል ጠዲቁን ያዘጋጀችው፥ ቡናውን ያፈላችው፥ ዕቃውን ያጠበችው ማን ናት? በዓሉ ለእርሱ ዕረፍት ሲሆን ለእርስዋ ሌላ ዓይነት የሥራ ቀን ነው። ወንድ ውሃ አይቀዳም፥ ልጅ አያጥብም የሚለው ነገር የአገር ልማድ ነው እንጂ በየትኛውም የሃይማኖት መጽሐፍ የተጻፈ ሕግ አይደለም። ጀሪካኑን አባት በአህያ ጭኖ ቢያመጣ፥ እህሉንም ወደ ወፍጮ ቤት ይዞ ቢሄድ፥ ለሚስቱ የጸሎት ጊዜ የሚገኘው ከዚያ ነው። ከሌላ ከየትም አይመጣም፤ ቀኑ እንደ ሆነ ለሁሉም 24 ሰዓት ነው።

ወደ ወረታ ከተማ ስንገባ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው፥ መምህሩ፥ ባለ ሱቁ፥ ሲቀመጥ ውሎ ሲቀመጥ ያመሻል፤ በእግር ሊደረስ በሚችል መንገድ ባጃጅ ይሳፈራል፤ ማታም ስልኩን ሲመለከት ሌሊቱ ይጋመሳል። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ የሚበረታው እንዲህ ባለው ኑሮ ነው። ለዚህ ሰው 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መሄድ ነው። ማለዳ ተነሥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን በእግሩ ቢሄድ፥ ኪዳን አስደርሶ ቢመለስ፥ ሁለቱንም ፈጸመ። ልጁን ይዞ ቢሄድ ደግሞ ሦስተኛ ትርፍ አለው፤ መመሪያው ለልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ያዛልና።

አንዳንድ ሰዎች ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት፥ ምዕራፍ 4 ቁጥር 8 ያለውን እያነሡ፥ ሥጋን ማሠልጠን ለክርስቲያን አይገባም ይላሉ። ሐዋርያው ግን ጥቅሙ ከእግዚአብሔር አምልኮ ጋራ ሲመዛዘን ጥቂት ነው አለ እንጂ ምንም የለውም አላለም። እርሱ ራሱ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ በሩጫ ስፍራ የሚሮጡትን ሰዎች ምሳሌ አድርጓል። ወላጅ ከሆኑ በኋላ ሰውነት አይታዘዝም ለሚሉም፥ ደራርቱ ቱሉ ልጅ ከወለደች በኋላ በ1993 ዓ.ም. መስከረም በሲድኒ የ10,000 ሜትር ወርቅ ማግኘቷን ማስታወስ ይበቃል፤ ምንም እንኳ ሥራዋ ሩጫ ቢሆንና የእኛ ጉዳይ ከዚያ እጅግ ያነሰ ቢሆን።

ስግደትንስ እንደ ሰውነት ማጠንከሪያ መቍጠር ይገባልን? እንደ እኛ አስተያየት አይገባም። ስግደት ለፈጣሪ የሚቀርብ አምልኮ ነው፤ ጉልበትና ወገብ ቢጠቀሙ ያ ተጨማሪ በረከት ነው። ደግሞም በሰንበታት፥ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀኖችም አይሰገድም፤ በስግደቱ ብቻ የተማመነ ሰው በእነዚያ ቀኖች ሥጋና ቅቤ እየበላ ሲቀመጥ ይከርማል። በእግር መሄድ ይበልጥ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው። በጾም ወራት ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቈይ ሰው ፈጣኑን እርምጃ ወደ ማለዳ ወይም ከምግብ በኋላ ወደ ማታ ቢያደርገው ይሻላል። እርጉዝ፥ አራስና የስኳር ሕመምተኛ የሆኑ ሁሉ ሐኪም የነገራቸውን ለንስሐ አባታቸው ገልጸው በምክራቸው ይሂዱ፤ ከሁለቱ አንዱን ደብቆ የሚጾም ሰው ይጎዳል።

ለቤተሰብ ጸሎት ከሁሉ የሚመቸው ጊዜ ሠርክ ነው። ከብቶቹ ገብተዋል፤ ተማሪዎቹ ተመልሰዋል፤ እራት ገና አልቀረበም። መዝሙረ ዳዊት ለሳምንቱ ቀኖች ተከፋፍሎ ይጸለያል፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፥ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ እስከ ቅዳሜ 150ው ይፈጸማል። ይህ ለሚበዛበት ቤት ከአሥሩ መዝሙር፥ ማለት ከአንድ ንጉሥ፥ ይጀምር፤ ያም ከበዛ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም ብቻ ይነበብ። አንባቢው ፊደል የቈጠረ ልጅ ቢሆን ይመረጣል፤ አባት ታናናሾቹን ይዞ አጠገቡ ይቆማል። እናት ግን እንጀራው እንዳይቃጠልባት ከምጣዱ ሳትነሣ ታዳምጣለች፤ ልጁም ከሕፃንነቷ ጀምሮ በቃሏ የምታውቀውን ክፍል ተሳስቶ ቢዘል፥ ከዚያው ከጭሱ ውስጥ ሆና ታርመዋለች።