ልብ የሌለበት የሥራ ሰዓት

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎች፣ በቦረናና በሳይንት፣ ገበሬ በሬዎቹን ጠምዶ ሲያርስ በአንድ እጁ ዕርፉን፣ በሌላው ጅራፉን ይይዛል፤ ዓይኑም ከትልሙ አይነሣም። ከመንገደኛ ጋር ወሬ ይዞ ዘወር ያለ እንደ ሆነ ትልሙ ይጣመማል፤ በመካከሉም ማረሻ ያልነካው መሬት ይቀራል። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ዕርፍ ይዞ ወደ ኋላ ስለሚመለከት ሰው ያስተማረው ትምህርት ለዚህ አገር ሰው ብዙ ትርጓሜ የማያሻው ስለዚህ ነው።

የገበሬው ስሕተት በመሬቱ ላይ ይታያል፤ በጠረጴዛ የሚሠራ ሰው ስሕተት ግን ተሰውሮ ይኖራል። እስቲ ይህ ገበሬ በሰኔ ወር፣ የዘር ጊዜ ደርሶበት ሳለ፣ ለአንድ ጉዳይ ወደ መካነ ሰላም ከተማ መጣ እንበል። በሬዎቹን ያለ ሥራ አቁሞ፣ ዳገቱን ወጥቶ መጥቷል። ጸሐፊው መዝገቡን እንደ ገለጠ የእጅ ስልኩ ይጮኻል፤ ስልኩን ሲያኖር ባልንጀራው ለወሬ ብቅ ይላል፤ ወዲያውም ቡና ይደርሳል። መዝገቡ እንደ ተገለጠ ይውልና በመጨረሻ «ነገ ተመለስ» ይባላል። ለጸሐፊው ጥቂት ደቂቃ የመሰለው ለገበሬው አንድ የእርሻ ቀን ነው።

ብዙ ሰው «ስልኩ የወሰደብኝ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው» ብሎ ራሱን ያጽናናል። ነገር ግን ተመራማሪዋ ሶፊ ሌሮይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ባወጡት ጥናት እንደ ገለጹት፣ ሰው ያልጨረሰውን ሥራ ትቶ ወደ ሌላ ሲሻገር ከአሳቡ ከፊሉ በፊተኛው ሥራ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ሁለተኛውንም በሙሉ ልብ ሊሠራው አይችልም። እንግዲህ ከስልኩ የተመለሰው ጸሐፊ እጁ በመዝገቡ ላይ ቢሆንም ልቡ ገና አልተመለሰም። በዚህ መካከል ቁጥር ይዘለላል፣ የአባት ስም ይለወጣል፤ ባለጉዳዩም ስሕተቱን ለማሳረም ዳግመኛ ይመላለሳል።

መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ ነገር ጊዜውን መለየት ነው። በአበው ዜና እንደሚነገረው፣ አባ እንጦንስ በበረሃ ሳሉ አሳባቸው ተበትኖ በተጨነቁ ጊዜ አንድ መልአክ ተቀምጦ ገመድ ሲጎነጉን፣ ተነሥቶም ሲጸልይ፣ እንደ ገናም ወደ ሥራው ሲመለስ አዩ። ሥራው በጊዜው፣ ጸሎቱም በጊዜው ነበረ።

እኛም ስልካችንን ድምፁን አጥፍተን በመሳቢያ ብናኖር፣ መልእክት የምናይበትን ሰዓት ብንወስን፣ የአንዱን ባለጉዳይ ነገር ሳንፈጽም ሌላ ባንጀምር ብዙ እናተርፋለን። ሥራ አቋርጦ መነሣት ግድ ሲሆን የደረሱበትንና ቀጥሎ የሚሠራውን በወረቀት ማስፈር ይገባል፤ ሌሮይ ከቴሬዛ ግሎም ጋር በ2018 ባሳተሙት ጥናት ይህ አሳብን ከመበተን እንደሚያድን አሳይተዋል። በቤትም ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ መጽሐፉን ገልጦ ሳለ «ጨው አምጣ፣ ውኃ አቅርብ» እያላችሁ ደጋግማችሁ አትጥሩት፤ የመላላኪያውም የጥናቱም ሰዓት ይለይለት።

ቡናውና ጨዋታው ክፉ አይደለም፤ ሰዓቱን ግን ይጠብቅ። ደመወዝ የምንቀበልበት ሰዓት በደጅ የቆመው ሰው ገንዘብ ነውና፣ ከድኻ ኪስ ሳንቲም መውሰድን የሚያፍር ሰው ቀኑን መውሰድንም ይፈር።